ሸክምን መጋራት፦ የሰርን የጋራ ኮምፒዩተር ሥርዓት ታሪክ ከፊልም ጥቅል እስከ ክላውድ

መግቢያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። አባባሉ ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ደቦና ስለ ዕድር ሲነሣ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ሰባ ዓመታት የሳይንስ ምርምር መረጃ እየገዘፈ በመጣ ቁጥር ተመራማሪዎችና መሐንዲሶች ደጋግመው የደረሱበት መደምደሚያ ከዚህ አባባል ብዙም የራቀ አልነበረም። አንድ ተቋም ብቻውን ሊሸከመው ያልቻለው መረጃ ለብዙዎች ሲከፋፈል የሚቻል ሆኖ ተገኝቷል። ሎሚን ለሃምሳ ሰው ማደል ቀላል ነው፤ መረጃንና የስሌት አቅምን ለብዙ አገሮች ማካፈል ግን ከባድ ጥያቄዎችን ያስከትላል። ማን ይከፍላል? ማን ይጠብቃል? አንዱ የሌላውን ሰው ማንነት በምን ያረጋግጣል? የጋራ የተባለውስ ንብረት በመጨረሻ የማን ይሆናል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ጥያቄዎች አመጣጥና አፈታት በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ መመርመር ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው በጄኔቭ ከተማ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ወሰን ላይ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ሰርን ነው። ምክንያቱም ዛሬ «ክላውድ» እየተባለ በየቢሮው የሚነገርለት አሠራር ለሳይንስ መረጃ ሲውል የሚያጋጥሙት ችግሮች አብዛኞቹ በዚህ ድርጅት ታሪክ ውስጥ ቀደም ብለው ታይተዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከሰው ጭንቅላት እስከ ፊልም ጥቅል

ሰርን የተመሠረተው መስከረም 29 ቀን 1954 ሲሆን መሥራቾቹ አሥራ ሁለት የአውሮፓ መንግሥታት ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ዘጠኝ ዓመት ብቻ አልፎ ነበርና አንዳቸውም ቢሆኑ ትልቅ የምርምር መሣሪያ ለብቻቸው ለማቆም የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ መጋራት ለድርጅቱ በኋላ የተጨመረ ሐሳብ ሳይሆን ከመነሻው የተወለደበት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስሌቱ ሥራ የሚከናወነው በሰው ጭምር ነበር። ዊም ክላይን የተባለ ሆላንዳዊ በቃሉ የማስላት ልዩ ተሰጥኦ ስለ ነበረው በ1958 በድርጅቱ ተቀጥሮ የቲዎሪ ተመራማሪዎችን ስሌት ይሠራ ነበር። በዚያው ዓመት «ፈራንቲ ሜርኩሪ» የተባለው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ተተከለ። ሰውየውና መኪናው በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሠሩ፤ መኪናዎቹ እየፈጠኑ ሲሄዱ ግን የሰውየው ድርሻ እየቀነሰ መጥቶ በ1976 በጡረታ ተሰናበተ።

መረጃው ራሱ በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ነበር። «በብል ቻምበር» በተባለው መሣሪያ ውስጥ ቅንጣቶች በፈሳሽ መካከል ሲያልፉ የአረፋ መስመር ይተዋሉ፤ ካሜራዎችም መስመሩን ያነሣሉ። ፊልሙ ከታጠበ በኋላ በየአገሩ ወዳሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይላካል፤ በዚያም ሠራተኞች በብርሃን ጠረጴዛ ላይ እየዘረጉ እያንዳንዱን መስመር ይለካሉ። ከእነዚህ መሣሪያዎች ዋነኛው የነበረው ትልቁ የአውሮፓ በብል ቻምበር ከ1973 እስከ 1984 ባገለገለበት ጊዜ 6.3 ሚሊዮን ፎቶግራፎች አንሥቷል። የፊልሙ ርዝመት በጠቅላላው 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይህን ፊልም በመመርመር የተሳተፉት ሳይንቲስቶች ቁጥር ወደ 600 ሲደርስ የመጡትም ከሃምሳ ያህል ላቦራቶሪዎች ነበር።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ፊልም በጥቅል ተከፋፍሎ በፖስታም ሆነ በመኪና ሊላክ የሚችል ዕቃ በመሆኑ፣ ትልቅ መሣሪያ የሌለው ዩኒቨርሲቲ እንኳ የመረጃውን ድርሻ በቤቱ ተቀብሎ በራሱ ሰዎች ይመረምር ነበር። ሸክሙም ክብሩም አብረው ይከፋፈሉ ነበር። ቀጣዩ የቴክኒክ እድገት ይህን ልማድ ለጊዜው አፈረሰው።

፪. መዓከላዊው መኪናና የቴፕ ክምር

በ1968 ዦርዥ ሻርፓክ በሰርን ውስጥ በኤሌክትሪክ ሽቦዎች አማካይነት የቅንጣቶችን መንገድ የሚከታተል መሣሪያ ሠራ፤ ለዚህም ሥራው በ1992 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። የመሣሪያው ጠቀሜታ የቅንጣቱን ምልክት ፎቶግራፍ ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት፣ ከዚያም ወደ ቁጥር መለወጡ ነው። ከዚህ በኋላ መረጃው ከፊልም ወደ ማግኔት ቴፕ ተሸጋገረ። ቴፑን ለማንበብና ለማስላት ደግሞ ታላቅ ኮምፒዩተር ያስፈልግ ነበር።

ታላላቆቹ ኮምፒዩተሮች የሚገኙት በጄኔቭ ነበር። በ1965 «ሲዲሲ 6600»፣ በ1972 «ሲዲሲ 7600»፣ በ1988 ደግሞ «ክሬይ ኤክስ-ኤምፒ» በተከታታይ ተተከሉ። እነዚህ መኪናዎች በዘመናቸው ከሚታወቁት ሁሉ ፈጣኖቹ ተርታ የሚሰለፉ ነበሩ። ዳሩ ግን ዋጋቸው እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ስሌቱ በአንድ ሥፍራ እንዲከማች አስገደዱ። በሩቅ ያለ ተመራማሪ ወይ ወደ ጄኔቭ መጓዝ ወይም የቴፕ ቅጂ ተሸክሞ ወደ አገሩ መመለስ ነበረበት።

ይህን ሁኔታ መለወጥ የጀመረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የርካሽ ኮምፒዩተሮች መምጣት ነው። በ1990 «ሺፍት» በሚል ስም የተጀመረው ፕሮጀክት የአንዱን ውድ መኪና ሥራ በኔትዎርክ ለተያያዙ በርካታ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች፣ ዲስኮችና የቴፕ ማንበቢያዎች አከፋፈለ። ውጤቱ አጥጋቢ ስለ ነበር ሰርን የቀድሞውን ትልቅ የአይቢኤም አገልግሎት በ1996 ዘጋ። ሁለተኛው ዛሬ መላው ዓለም የሚያውቀው ነው። ቲም በርነርስ-ሊ በመጋቢት 1989 ለአለቆቹ ያቀረበው የመረጃ አያያዝ ሐሳብ «ዎርልድ ዋይድ ዌብ» ሆኖ አደገ፤ ሰርንም ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀው።

ይሁንና ዌብ ያስገኘው ጽሑፍንና ሥዕልን መጋራት እንጂ የስሌት ኃይልን መጋራት አልነበረም። በጄኔቭ የተጻፈ ሪፖርት በሌላ አህጉር ሊነበብ ይችላል፤ ሪፖርቱ የተመሠረተበትን ጥሬ መረጃ በዚያው ሥፍራ ሆኖ እንደገና ማስላት ግን ገና የማይቻል ነበር።

፫. የኤሌክትሪክ መስመር ምሳሌነትና ጉድለቱ

በታኅሣሥ 1994 የሰርን ምክር ቤት ታላቁን የሀድሮን ማጋጫ እንዲሠራ ወሰነ። መሣሪያው በአማካይ 100 ሜትር ያህል ከመሬት በታች በተቆፈረ፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ዋሻ ውስጥ ፕሮቶኖችን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች እያሽከረከረ ያጋጫቸዋል። የፕሮቶን እሽጎቹ በሴኮንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይተላለፋሉ፤ የሚፈጠሩት ግጭቶችም በሴኮንድ እስከ አንድ ቢሊዮን ይደርሳሉ። ይህን ሁሉ መመዝገብ ስለማይቻል በኤሌክትሮኒክ ወንፊት ተጣርቶ ከሚሊዮኖች ጥቂት መቶዎቹ ብቻ እንዲቀሩ ታቀደ። ከማጣራቱም በኋላ በዓመት የሚጠበቀው መረጃ 15 ፔታባይት ያህል ነበር። አንድ ፔታባይት አንድ ሚሊዮን ጊጋባይት ማለት ነው።

ይህን ያህል መረጃ ለማከማቸትና ለማስላት የሚበቃ የኮምፒዩተር ብዛት በሰርን በጀት የሚገዛ አልነበረም፤ ቢገዛም የአዳራሹ የኤሌክትሪክ ኃይልና ማቀዝቀዣ አይበቃውም ነበር። ከዚህም ሌላ ፖለቲካዊ ምክንያት ነበረ። አባል መንግሥታት ለኮምፒዩተር የሚመድቡት ገንዘብ በየአገራቸው እንዲውል፣ በየዩኒቨርሲቲዎቻቸውም ባለሙያ እንዲያፈራ ይሹ ነበር። ስለዚህ ስሌቱን ወደ መረጃው ማምጣት ካልተቻለ መረጃውንም ስሌቱንም ወደ ሰዎቹ መውሰድ ግድ ሆነ። የፊልሙ ዘመን ልማድ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆን ሐሳብ በሌላ ሥፍራ ሲብላላ ቆይቷል። ገና በ1961 ጆን ማካርቲ የስሌት ኃይል እንደ ስልክ አገልግሎት ለሕዝብ የሚቀርብበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። በ1998 ደግሞ ኢያን ፎስተርና ካርል ኬሰልማን ባዘጋጁት መጽሐፍ የተራራቁ ኮምፒዩተሮችን አስተሳስሮ እንደ አንድ መሣሪያ የሚያገለግል ሥርዓት አቀረቡ፤ ስሙንም ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መረብ ወስደው «ግሪድ» አሉት። መብራት የሚያበራ ሰው ኃይሉ ከየትኛው ግድብ እንደ መጣ እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ ተመራማሪውም ስሌቱ በየትኛው አዳራሽ እንደ ተሠራ መጠየቅ የለበትም የሚል ነው ሐሳቡ።

ምሳሌው ያማረ ቢሆንም ለእኛ ለመሐንዲሶች ጉድለቱ ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከየትም ይምጣ ከየት ያው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ባለቤትም ታሪክም የለውም፤ ከተፈጀም በኋላ የሚጠበቅ ቅሪት አይተውም። የሳይንስ መረጃ ግን እንዲህ አይደለም። በማን እንደ ተለካ፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጣራ፣ በጉዞው ላይ እንዳልተበላሸ መታወቅ አለበት። ተጠቃሚውም ማን እንደ ሆነ ካልታወቀ በሩ ሊከፈትለት አይችልም። የግሪድ ታሪክ በአብዛኛው ይህን የምሳሌውን ጉድለት የመሙላት ታሪክ ነው።

፬. የደረጃዎች አወቃቀር

በ1990ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር በሃርቬ ኒውማን አስተባባሪነት «ሞናርክ» የተባለው የጥናት ቡድን በየአገሩ የሚቋቋሙ የስሌት ማዕከሎች እንዴት እንደሚደራጁ በስሌት ሞዴል መረመረ። ከዚህ ጥናት የወጣው አሳብ ማዕከሎቹን በደረጃ ማዋቀር ነበር። የሰርን ምክር ቤትም በመስከረም 2001 የስሌቱን ፕሮጀክት አጸደቀ፤ የመጀመሪያው መሪ ሌስ ሮበርትሰን ሆነ።

በአወቃቀሩ መሠረት ደረጃ ዜሮ ሰርን ራሱ ነው። ጥሬው መረጃ በመጀመሪያ በዚያ በቴፕ ይመዘገባል። ደረጃ አንድ የተባሉት በመጀመሪያ አሥራ አንድ ትላልቅ ማዕከሎች ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል የጀርመን ካርልስሩኸ፣ የፈረንሳይ ሊዮን፣ የኢጣሊያ ቦሎኛ፣ የስፔን ባርሴሎና፣ የታይዋን ታይፔይ፣ በካናዳ ትራያምፍ፣ በአሜሪካ ብሩክሄቨንና ፌርሚላብ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 10 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ የግል መስመር ከጄኔቭ ጋር ተገናኙ። የጥሬው መረጃ ሁለተኛ ቅጂ ለእነርሱ ተከፋፍሎ ተሰጠ፤ ስለዚህ ጄኔቭ ቢቃጠል እንኳ መረጃው አይጠፋም። ደረጃ ሁለት በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ከመቶ የሚበልጡ ማዕከሎች ሲሆኑ ተግባራቸው በኮምፒዩተር የተመሰለ ግጭት ማመንጨትና የተመራማሪዎችን ትንተና ማስተናገድ ነው። በኋላ ዘመን ቁጥሩ አድጎ ሥርዓቱ ከ40 በላይ በሆኑ አገሮች የሚገኙ 170 ያህል ማዕከሎችን አቀፈ። የሰርን ድርሻ ከጠቅላላው የስሌት አቅም አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ሆነ።

ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም በአንድ እጅ የተጻፈ አልነበረም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከ2001 እስከ 2004 የአውሮፓ ዳታግሪድ ፕሮጀክት፣ ከእርሱም በመቀጠል እስከ 2010 «ኢጂ» የተሰኘው ፕሮጀክት ሠሩበት። አሜሪካኖች በ2005 የራሳቸውን የክፍት ሳይንስ ግሪድ አቋቋሙ፤ የስካንዲኔቪያ አገሮችም የራሳቸውን ፕሮግራም ጻፉ። እነዚህን የተለያዩ ሥራዎች ማግባባት አዲስ ፕሮግራም ከመጻፍ የማይተናነስ ድካም ጠየቀ።

፭. የመተማመን ምሕንድስና

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ክፍል ከሽቦውና ከመኪናው ይልቅ የመተማመኛው አሠራር ነው። በሊዮን ያለ የማዕከል ኃላፊ በጭራሽ አይቶት የማያውቀውን የብራዚል ወይም የጃፓን ተማሪ ፕሮግራም በራሱ መኪና ላይ እንዲሠራ የሚፈቅደው በምን ዋስትና ነው? በሺህ የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ከመቶ በሚበልጡ ማዕከሎች አንድ በአንድ ቢመዘገቡ ሥራው አያልቅም፤ ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል ቢገቡ ደግሞ ተጠያቂነት ይጠፋል።

መፍትሔው ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያ በየአገሩ ለተመራማሪው በኤሌክትሮኒክ መንገድ የማንነት ወረቀት የሚሰጥ አካል ተቋቋመ። እነዚህ አካላት የእርስ በርስ አሠራራቸውን የሚመረምሩበት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በጥቅምት 2005 ተመሠረተ። ሁለተኛ ተመራማሪው የሚገኝበት የምርምር ቡድን በግሪዱ ላይ እንደ አንድ ማኅበር ታወቀ። ስለዚህ ማዕከሉ ግለሰቡን ሳይሆን ማኅበሩን ያውቃል፤ ማኅበሩም ስለ አባሉ ይመሰክራል። አንድ እንግዳ በዋሱ ታምኖ ወደ ዕቁብ እንደሚገባ ማለት ነው።

የማዕከሎቹም ግዴታ የተመሠረተው በመግባቢያ ሰነድ ላይ ነው። ሰነዱ ስንት ማስሊያ፣ ስንት ዲስክ፣ ስንት ቴፕ እንደሚቀርብ፣ ብልሽት ሲደርስ በስንት ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንደሚሰጥ ይዘረዝራል፤ በሕግ ግን አያስገድድም። ቃሉን ያላከበረ ማዕከል የሚቀጣበት ፍርድ ቤት የለም። ያለው ነገር በየጊዜው የሚደረግ የሒሳብ ምርመራና የተገባውን ቃል ከተፈጸመው ጋር አነጻጽሮ ለሁሉም የሚገልጽ ሪፖርት ነው። የባልደረቦች ዓይን ከቅጣት ይልቅ አስገዳጅ ሆኖ ሠርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

፮. ፈተናና ውጤት

ሥርዓቱ በአንድ ቀን አልጸናም። ከ2004 ጀምሮ «የአገልግሎት ፈተና» በሚል ስም ተከታታይ ሙከራዎች ተደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ወደ ግሪዱ ከሚላኩት ሥራዎች ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር። የአንዱ ማዕከል ዲስክ ሞልቶ፣ የሌላው የማንነት ወረቀት ዘመኑ አልፎበት፣ የሦስተኛው ሰዓት ተዛብቶ ይገኛል። መቶ ማዕከሎች ባሉበት ሥርዓት ውስጥ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ የተበላሸ ነገር እንዳለ መቀበልና ሥራው ራሱን ወደ ሌላ ቦታ እንዲያዛውር ማድረግ የግድ ሆነ።

መስከረም 10 ቀን 2008 የመጀመሪያዎቹ ፕሮቶኖች በዋሻው ዙሪያ ተሽከረከሩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መስከረም 19፣ በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለ የኤሌክትሪክ ማያያዣ ተበላሽቶ ወደ ስድስት ቶን የሚጠጋ ሂሊየም ወደ ዋሻው ፈሰሰ። ጥገናው ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። ለመሣሪያው መሐንዲሶች ከባድ የነበረው ይህ አደጋ ለስሌቱ ክፍል ያልታሰበ የዝግጅት ጊዜ ሰጠ። በሰኔ 2009 አራቱም የምርምር ቡድኖች ሥራቸውን ባንድ ጊዜ በግሪዱ ላይ ጭነው ታላቅ ሙከራ አደረጉ፤ የተገኙትም ድክመቶች መሣሪያው በኅዳር ወር ከመመለሱ በፊት ተስተካከሉ።

መጋቢት 30 ቀን 2010 የታቀደው የምርምር ሥራ በይፋ ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2012፣ የሂግስ ቦዞን ይሆናል የተባለው አዲስ ቅንጣት መገኘቱ ተነገረ። በዚያ ዕለት የሰርን ዋና ዳይሬክተር ሮልፍ ሆየር ለውጤቱ ምክንያት ከሆኑት መካከል ከማፋጠኛውና ከመመርመሪያዎቹ ጋር የስሌቱን ግሪድ አብሮ አመሰገነ። ባለሙያው በሚገባ ሲሠራ የማይታየው ይህ ክፍል በአደባባይ መጠራቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከአፈጻጸሙ የተገኘ አንድ ትምህርት ለእኛ ሙያ በተለይ ይጠቅማል። የደረጃዎቹ ጥብቅ አወቃቀር የተነደፈው ኔትዎርኩ ደካማና ውድ ይሆናል ከሚል ሥጋት ነበር። በዚህም ምክንያት መረጃው ከላይ ወደ ታች በተወሰነ መስመር ብቻ እንዲወርድ፣ ቅጂውም አስቀድሞ በየቦታው እንዲቀመጥ ተደረገ። በተግባር ሲታይ ግን ከክፍሎቹ ሁሉ እምነት የሚጣልበት ሆኖ የተገኘው ኔትዎርኩ ነው። ከ2010 በኋላ አሠራሩ ተሻሽሎ ማንኛውም ማዕከል ከማንኛውም ማዕከል በቀጥታ መረጃ እንዲወስድ ተፈቀደ፤ ማንም ያልጠየቃቸው ቅጂዎችም ተቀነሱ። የነደፉትን ነገር በልምድ መርምሮ ለማፍረስ ድፍረት መኖሩ ሥርዓቱን አዳነው።

፯. ከግሪድ ወደ ክላውድ

ግሪዱ ሥራ ላይ በዋለበት ዘመን በንግዱ ዓለም ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። አማዞን በ2006 የማከማቻና የማስሊያ ኪራይ ማቅረብ ጀመረ። አንዱ አካላዊ ኮምፒዩተር በፕሮግራም ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች መሥራት በመቻሉ፣ ተከራዩ የሚፈልገውን ያህል በደቂቃዎች ውስጥ ወስዶ ሲበቃው ይመልሳል። ከአሠራሩ ይልቅ የሚለየው የባለቤትነቱ መሠረት ነው። በግሪድ ተሳታፊው ያለውን አዋጥቶ ከሌሎች ይጠቀማል፤ በክላውድ ደግሞ ከፍሎ ይከራያል። አንዱ እንደ ዕድር፣ ሌላው እንደ ሆቴል ነው።

ሰርን የክላውዱን አሠራር ተቀበለ፤ ባለቤትነቱን ግን አልለቀቀም። ናሳና ራክስፔስ በ2010 ለሕዝብ የለቀቁትን «ኦፕንስታክ» የተባለ ነፃ ፕሮግራም ወስዶ በሐምሌ 2013 በራሱ መኪናዎች ላይ የራሱን ክላውድ ሥራ ላይ አዋለ። በዚያው ዓመት የጄኔቩ አዳራሽ የኃይል አቅርቦት ስላልበቃው በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ሁለተኛ አዳራሽ ተከፈተ፤ በሁለቱ መካከልም እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 100 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ሁለት መስመሮች ተዘረጉ። የቡዳፔስቱ ውል በ2019 አብቅቷል። በየካቲት 2024 ደግሞ በፈረንሳይ በኩል በፕሬቬሳን አዲስ አዳራሽ ተመርቋል።

ኪራዩም ሳይሞከር አልቀረም። በ2016 መጀመሪያ ፌርሚላብ ለአንድ የሰርን የምርምር ቡድን ከአማዞን ወደ 60,000 የሚጠጉ የማስሊያ ክፍሎችን ተከራይቶ በአጭር ጊዜ የሚያስፈልገውን ሥራ ፈጸመ። በአውሮፓም ከ2016 እስከ 2018 በሰርን አስተባባሪነት አሥር የምርምር ድርጅቶች «ሂሊክስ ኔቡላ የሳይንስ ክላውድ» በተባለው ፕሮጀክት በአንድነት ሆነው ከንግድ ድርጅቶች አገልግሎት ገዙ። ከእነዚህ ሙከራዎች የተገኘው ግንዛቤ ሚዛናዊ ነው። ሥራ በድንገት ሲበዛ ኪራይ ይጠቅማል። ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ለሚሠራ ማስሊያ ግን የራስ መኪና ይረክሳል። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ መረጃን ማስገባት በነፃ ወይም በርካሽ ሆኖ ማስወጣቱ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። በፔታባይት የሚቆጠር መረጃ አንዴ ከገባ ወዲያ የመውጫው ዋጋ ራሱ እስር ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጥሬው መረጃ በራስ ቴፕ ላይ ይቀመጣል፤ የሚከራየው ስሌቱ ብቻ ነው።

መረጃውን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዘዋውረው ፕሮግራም «ሩሲዮ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው በዶን ኪሆቴ ታሪክ ውስጥ ከሚገኘው ከሳንቾ ፓንሳ አህያ ነው። ሸክም የሚያጓጉዝ ነገር በአህያ ስም መጠራቱ ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ይህ ፕሮግራም ሲጀመር ለአንድ ቡድን የተሠራ ቢሆንም ዛሬ በፊዚክስም ሆነ በሥነ ፈለክ የተሰማሩ ሌሎች ድርጅቶች ይጠቀሙበታል።

የሸክሙም መጠን አላቆመም። በ2013 መጀመሪያ በሰርን የተከማቸው መረጃ 100 ፔታባይት፣ በ2017 አጋማሽ ደግሞ በቴፕ ብቻ 200 ፔታባይት ደረሰ። በ2023 የዲስኩ አቅም ብቻውን ከአንድ ኤክሳባይት፣ ማለትም ከ1,000 ፔታባይት አለፈ። በሌላ በኩል በኅዳር 2014 ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የመረጃ ማኅደር ተመርቆ፣ በ2016 ከአንዱ ቡድን ብቻ 300 ቴራባይት ያህል መረጃ ለሕዝብ ተለቋል። የሰርን አባል ያልሆነ አገር ተማሪም ኢንተርኔት እስካለው ድረስ በዚህ መረጃ ሊሠራ ይችላል።

፰. ገና ያልተዘጋ ሒሳብ

ይህ ሁሉ ስኬት ቢሆንም ታሪኩ ያለ እንከን አልተጓዘም። በመተማመን ላይ የቆመ ሥርዓት መተማመኑ ሲናጋ አብሮ ይናጋል። ሩሲያ በ2022 በዩክሬን ላይ ጦርነት ከከፈተች በኋላ የሰርን ምክር ቤት ከሩሲያና ከቤላሩስ ጋር ያለው የትብብር ውል እንዳይታደስ ወስኖ ከሩሲያ ጋር ያለው ውል ኅዳር 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ በዱብና ካለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ጋር ያለው ውል ግን ቀጥሏል። ለሰባ ዓመታት ከጦርነቶችና ከወሰኖች በላይ ሆኖ ይታይ የነበረው ትብብር በወሰን ተከፈለ። ኔትዎርኩን የሠሩት ሰዎች ለመኪና ብልሽት ብዙ መድኃኒት አዘጋጅተው ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት ግን ፕሮግራም አይጻፍለትም።

ሁለተኛው ችግር የሥርዓቱ ካርታ ላይ ይታያል። ከ40 በላይ አገሮች ባሉበት ካርታ ላይ አፍሪካ ከደቡብ አፍሪካ በቀር ጠፍ ናት ማለት ይቻላል። ምክንያቱም የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ከ2010 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት ያፈራቸው ወጣቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። የጎደለው ያለማቋረጥ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሰፊ የኔትዎርክ መስመርና ለዓመታት ቃል የሚገባ በጀት ነው። በአገራችን የዩኒቨርሲቲዎችን ትስስር የሚመራው ኢተርኔት የተባለው የትምህርትና ምርምር ኔትዎርክ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ኔትዎርኮችን ያስተባበረው የኡቡንቱኔት ኅብረት አባል መሆኑ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም መስመር መኖር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የግሪዱ ታሪክ ራሱ ያስተምራል።

ይህ ጉዳይ የፊዚክስ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአሜሪካው ላንድሳት ሳተላይት ያነሣቸው ምስሎች ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነፃ ተለቅቀዋል፤ በእነርሱም ውስጥ የእኛ ተራሮች፣ ሐይቆችና የእርሻ መሬቶች በአሥርተ ዓመታት የተለወጡበት መልክ ተመዝግቦ ይገኛል። ዛሬ እነዚህ ምስሎች በትልቅ የንግድ ክላውድ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ገዛ መሬታችን የሚናገረውን መረጃ ለማስላት የሌላውን አዳራሽ መከራየት ይኖርብናል ማለት ነው። መከራየቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰርንም ይከራያል። ልዩነቱ ሰርን የሚከራየው የራሱ ቅጂ፣ የራሱ ባለሙያ፣ መውጫ በርም ያለው ሆኖ መሆኑ ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። አንደኛ፣ የጋራ ሥርዓት የሚጀምረው ከመኪና ግዢ ሳይሆን ከመግባቢያ ሰነድ ነው፤ ማን ምን እንደሚያዋጣና ሒሳቡን ማን እንደሚመረምር ሳይወሰን የሚገዛ ኮምፒዩተር በየዩኒቨርሲቲው ጓዳ አቧራ ይጠጣል። ሁለተኛ፣ ኔትዎርክ የሁሉ መሠረት ነው፤ ሰርን ደካማ ይሆናል ብሎ የፈራው ክፍል ጠንክሮ ሲገኝ ሥርዓቱ በሙሉ ተለወጠ፤ ኔትዎርክ በደከመበት አገር ግን ሌላው ሁሉ ቢሟላ ዋጋ የለውም። ሦስተኛ፣ ስሌትን መከራየት ይቻላል፤ የመረጃውን የመጀመሪያ ቅጂና እርሱን የሚያውቁትን ሰዎች ግን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

ከ2030 ወዲህ የተሻሻለው ማጋጫ ሥራ ሲጀምር የሚያመነጨው መረጃ እስካሁን ከታየው ብዙ እጥፍ እንደሚሆን ይጠበቃል። ሸክሙ ያድጋል፤ የሚሸከመውም ትከሻ መብዛት ይኖርበታል። የእኛም ትከሻ በዚያ መካከል እንዲገኝ ከተፈለገ ዝግጅቱ የሚጀመረው በእኛው ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ትንሽም ብትሆን አንድ የጋራ ማከማቻ አቁሞ፣ ቃል ገብቶ፣ ቃሉንም በየዓመቱ በይፋ በመመርመር ነው። ይህን ለማድረግ የጄኔቭ ዋሻ አያስፈልግም።